ወለሉ ላይ የተዘረጋችው ፕራግ

ባንቺአየሁ ጠዋት ደጅ ካደረችበት አልጋ ተነስታ ወደ ቤት ስትገባ አማቷ ፕራግን ወለሉ ላይ ዘርግተዋት አገኘች። ወይዘሮ ውባንች በርጩማቸው ላይ ጉብ ብለው፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ የወጥ ቤቱን ዕቃ ሁሉ አውጥተው ከተማ ይሠሩ ነበር። ሰማያዊ የጨርቅ ቁራጭ ከአልጋው እግር እስከ እንስራው ድረስ ተጋድሞ ወንዝ ሆኗል። በላዩ የእንጨት ማማሰያ ተሻግሯል፤ እሱ ድልድዩ ነው። ሰፌዱ አደባባይ፣ በሰፌዱ ዳር የቆመችው ኩራዝ ሐዋርያት የሚወጡባት የሰዓት ግንብ፣ ከወንዙ ማዶ የተደፋው ትልቁ ድስት ደግሞ የነገሥታቱ ግንብ። ከከተማው ርቃ፣ ከበሩ መድረክ ሥር፣ የሰሊጥ መስፈሪያ ጣሳ ለብቻዋ ተደፍታ ነበርና ባንቺአየሁ ሳታያት በእግሯ ልትመታት ምንም አልቀራት።

“ቀስ በይ! እሷን እንዳትነኪ!” አሉ ወይዘሮ ውባንች። ደንገጥ ብለው ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ “ረቡዕ የት ነው ያልሽኝ?” ሲሉ ጠየቁ።

“ረቡዕ ድልድዩ ላይ ነኝ እማማ። ከሰዓት ደግሞ ግንቡን እናያለን።”

“ሐሙስሳ?”

“ሐሙስ ብርጭቆ ፋብሪካ።”

“አሃ፣ ፋብሪካውን ረሳሁት” አሉና ዙሪያውን ቃኝተው፣ የበርበሬ ዕቃውን አንስተው ምድጃው አጠገብ አስቀመጡት። ባንቺአየሁም ፊቷን ታጥባ፣ ነጩን ጋዋኗን ከምስማሩ አውርዳ፣ ዕቃ ላለመርገጥ በጣቷ እየሄደች ወጣች። ይህ ጥያቄ የዛሬ ብቻ አልነበረም። ሰሞኑን ጠዋት ሲነጋ፣ ማታ ራት ሲቀርብ፣ ሰኞ የት ነሽ፣ ቅዳሜስ፣ ከማን ጋር፣ ጠዋት ነው ከሰዓት ይሏታል። እሷም እንደ ምርመራ ቆጥራው አንጀቷ እያረረ በአጭሩ ትመልስላቸዋለች።

ነገሩ የተጀመረው በክረምቱ ማብቂያ ላይ ነው። የሴቶች ማኅበር ከየአውራጃው አንዳንድ ሴት መርጦ ወደ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር ለጉብኝት ሲልክ ከእኛ ከመተማ በረሃ ባንቺአየሁ ተመረጠች። ምርጫውን የተቃወመ አልነበረም። ክሊኒካችን ውስጥ ጤና ረዳት ናት፤ ክረምት ገብቶ መኪና ሲቆም፣ ጭቃውን በእግሯም በአህያም እያቋረጠች ኮኪት ድረስ እየሄደች በየእርሻው ካምፕ በወባ የወደቀውን ሠራተኛ ታነሳለች። ከልጆቻችንም ስንቶቹ በእሷ እጅ ተወልደዋል። ፕራግ የሚባል ከተማ መኖሩን ግን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን ከካርቱም በላይ ነው፣ የለም ከፖርት ሱዳን ማዶ ነው ሲሉ ተጨቃጭቀው ሳይስማሙ ቀሩ። ከጎንደር የመጣችው የማኅበሩ ሴት ስብሰባ ጠርታ ፕሮግራሙን አነበበችልን። ሰኞ መግባትና ማረፍ፣ ማክሰኞ አሮጌው ከተማና የሰዓቱ ግንብ፣ ረቡዕ ድልድዩና የነገሥታቱ ግንብ፣ ሐሙስ ብርጭቆ ፋብሪካ፣ ዓርብ ጠዋት ቤተ መዘክር፣ ዓርብ ከሰዓት እንደየፍላጎት፣ ቅዳሜ በወንዙ ላይ በጀልባ፣ እሁድ መመለስ። ታዲያ ያቺ ሴት ስብሰባው ሞቅ እንዲል ብላ፣ ሰዓቱ በደወለ ቁጥር አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት በመስኮት ብቅ እያሉ እንደሚያልፉ፣ ድልድዩም ግራና ቀኙ የቅዱሳን ሐውልት የተደረደረበት እንደሆነ ጨመረችልን። ሌላው ሁሉ ተረሳ። ሐዋርያት በየሰዓቱ የሚታዩበት፣ ቅዱሳን ድልድይ የሚጠብቁበት አገር ምን ሊሆን ይችላል? ባንቺአየሁ የምትሄደው ልትጎበኝ ሳይሆን ልትሳለም እንደሆነ መተማ ዮሐንስ በአንድ አዳር ቆረጠች።

ከዚያ ወዲያ በሯ ሰው አጣ ማለት ዘበት ሆነ። ሴቶቹ እየመጡ የሞተውንም የታመመውንም የክርስትና ስም ይነግሯታል፤ ድልድዩ ላይ ስትደርስ ጠርታ እንድታሳስብላቸው። አንዷ ጧፍ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። ባንቺአየሁ መጀመሪያ ላይ ደክማለች፤ “ኧረ ይሄ የመንግሥት ጉብኝት ነው፣ ሰዓቱም ሰው የሠራው የብረት ሰዓት ነው” እያለች አስረድታለች። እነሱ ግን ዓይናቸውን ጠቀስ እያደረጉ፣ “ጎሽ፣ እንዲህ ነው ማለት፣ ገብቶናል” ብለዋት ይሄዳሉ። ዘመኑ የጓዶች ዘመን ነውና መሳለሟን መደበቋ ነው ብለው ብልህነቷን አደነቁላት። በመጨረሻ ታከታትና ስሞቹን እየተቀበለች ዝም አለች።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ዋስ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ለመመለሱ የሚፈርምለት፣ ደሞዝ ወይም ቤት ያለው ሰው ያስፈልገዋል። ሰውየው ካልተመለሰ ዋሱ ይጠየቃል። የማኅበሩ ላንድሮቨር ነገ ማለዳ ወደ ጎንደር ይነሳል፤ የዋሷ ወረቀት ዛሬ ቀበሌ ካልገባ ቦታዋ ለሌላ ሴት ይሰጣል። ሌላ ከተማ ቢሆን ቀላል ነበር። መተማ ላይ ግን ሱዳን ማለት ከጉምሩኩ ገመድ ማዶ ያለው ገላባት ነው፤ ጠዋት ደህና ዋል ያለህ ጎረቤት ማታ እዚያ ሆኖ ጢሱን ታየዋለህ። የባንቺአየሁ ባል ደምለውም በስድሳ ዘጠኙ ግርግር ጊዜ፣ ከሰሊጥ መጋዘኑ ሥራውን ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ለሚስቱም ለእናቱም ምንም ሳይተነፍስ ተሻግሮ ቀረ። ገዳሪፍ ነው ያሉም አሉ፣ አግብቷል ያሉም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስትና እናት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ስሙን አንስተው አያውቁም። አሮጊቷ በእሷ ደሞዝ ይኖራሉ፣ እሷ በአሮጊቷ ቤት ትኖራለች፤ ጨው አቀብዪኝ፣ ውሃ አለ ወይ፣ ደህና እደሪ፣ ከዚህ የሚያልፍ ወሬ አልነበራቸውም። እንግዲህ እናት ስለ እያንዳንዱ ቀን የሚጠይቋት ልጃቸውን ፍለጋ ልትሄድ ነው ብለው ነው፣ ወይም ጥላቸው ልትጠፋ ነው ብለው ነው ስትል ባንቺአየሁ ደምድማ ነበር።

እሷ ግን የፈለገችው ሌላ ነበር፤ ለማንም አልነገረችም እንጂ በልቧ ግልጽ ነበር። ከመተማ የሄደ ሁሉ ሄዶ ነው የሚቀረው። ባሏ ሄዶ ቀረ፣ የአጎቷ ልጆች ሄደው ቀሩ፣ የክሊኒኩ የድሮ ሐኪም ሄዶ ቀረ። እሷ ሄዳ መመለስ አማራት። አንድ ሰው እንኳ ከዚህ ከተማ ወጥቶ፣ ሩቅ አይቶ፣ ያየውን ይዞ በዚያው መንገድ ሲመለስ ለማየት ናፈቀች፤ ያ ሰው ደግሞ ራሷ እንድትሆን።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው፤ ቆርቆሮው በኅዳር እንኳ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ግድግዳው ላይ የወባ ትንኝ ሥዕልና የአብዮቱ መፈክር ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። ሰሊጥ አጫጆቹ ከነማጭዳቸው በረንዳው ላይ ተኝተው ይንቀጠቀጣሉ። አንድ የጎጃም ልጅ ክኒኑን በእጁ ይዞ፣ “እቴዋ፣ ይሄ መራራው ነው ያ ጣፋጩ?” ብሎ ጠየቃት፤ “መራራው ነው ወንድሜ፣ በአንድ ጊዜ ዋጠው” አለችው። የክሊኒኩ ኃላፊ ማተቤ መርፌ እየቀቀለ ስለ ብርድ ይመክራት ነበር። ካልሲ ሁለት ሁለት አድርጊ፣ ቫዝሊን አትርሺ፣ እዚያ አገር ከንፈር ይሰነጠቃል አሉ አላት። ስኳር ቀበሌ ሱቅ ሳይደርስ ማለቁን፣ ከገላባት የሚገባው ደግሞ ዋጋው እጥፍ መሆኑን አነሳ። ዳር ዳር ማለቱ ገብቷታል። መርፌው ፈልቶ ሲያበቃ እሷው ቀደመችው።

“ማተቤ፣ የዋሱን ነገር አሰብክበት?”

ክዳኑን አነሳ፤ መልሶ ከደነው። “ባንቺ፣ አንቺን ማመን አቅቶኝ እንዳይመስልሽ። አራት ልጅ አለኝ። ነገሩ ቢበላሽ ደሞዜ ነው የሚያዘው፣ እኔም ነኝ የምያዘው። ሚስቴ ገና ወሬውን ስትሰማ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች።”

“ይገባኛል” አለችው። እውነትም ገብቷት ነበር። ወደ መድኃኒት ክፍሉ ገብታ ጠርሙስ ስትደረድር ግን የጣውላው ግድግዳ ስስ ነውና ከጽዳት ሠራተኛዋ ከፈንቴ ጋር የሚያወራውን ሰማችው። ፈንቴ፣ “እንዴት እምቢ አልካት? እንደ እሷ ያለች ሴት አትመለስም ብለህ ነው?” አለችው። ማተቤ ድምፁን ዋጥ አድርጎ፣ “እኔ ብሆን እመለስ ይመስልሻል?” አላት። ባንቺአየሁ ጠርሙሱን እንደያዘች ቆመች። መጀመሪያ ተናደደች፣ ወዲያው ደግሞ አዘነችለት። ያልተማመነው በእሷ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በፍቅር አናገረችው፤ እሱም ምክንያቱ ስላልገባው ይበልጥ አፈረ።

ከሰዓት ላይ ሐዋ ዘንድ ሄደች። ሐዋ ከጉምሩኩ ገመድ አጠገብ ባለችው የኒም ጥላ ሥር ሻይና ከርከዴ ትሸጣለች፤ ከአግዳሚዋ ላይ ሆኖ የገላባትን የሣር ቤቶች ማየት ይቻላል። የተወለደችው ከወዲያ፣ የተዳረችው ከወዲህ ነው፤ ቤቷ የቀበሌ ኪራይ ስለሆነ ፊርማዋ ዋጋ የለውም እንጂ ቢኖረው ባንቺአየሁ ሌላ ሰው ደጅ ባልሄደች ነበር። ባንቺአየሁ በምጥ ጊዜ ከሞት ያተረፈቻት ሴት ናት። ሐዋ ከርከዴውን ቀዳችላትና ከመደርደሪያዋ ሥር የታጠፈ ቀይ ቶብ አወጣች፤ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበት፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ።

“ለብርዱ ነው” አለቻት።

ባንቺአየሁ ጨርቁን ወደ ፀሐይ ከፍ ስታደርገው የጉምሩኩ ፖሊስ ከነቆቡ በውስጡ ታየ። ሁለቱም ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። “ሐዋዬ፣ በረዶ እኮ ነው ያለው!”

“ምን ቸገረኝ! ትለብሽዋለሽ፤ ሰዎቹ አይተው ይሄ ከየት ነው ይሉሻል፤ ከሐዋ ነው ትያቸዋለሽ። ኸላስ፣ አለቀ።” ከዚያ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። “ዋስሽ ተገኘ?”

“አልተገኘም። ማተቤ እምቢ አለ። መምህሩም እምቢ ብሎኛል፣ ባለ ወፍጮውም። ሁሉም ደህና አድርገው ነው እምቢ የሚሉኝ፤ መቀየም እንኳ አልቻልኩም።”

“እማማ ውባንችን ጠይቀሻል?”

“እማማን?” አለች ባንቺአየሁ፤ ብርጭቆውን አስቀመጠች። “እማማማ… እሳቸው በየቀኑ የት ትውያለሽ እያሉ የሚመረምሩኝ፣ ብቀር ደስ የሚላቸው… ተይኝ እስቲ ሐዋ።”

ሐዋ ቀና ብላ አየቻትና ዝም አለች። ነገር ዝም ብላ የምታልፍ ሴት አልነበረችም። ብርጭቆዎቹን ሁሉ አጥባ፣ ደፍታ፣ እጇን በቀሚሷ ከጠረገች በኋላ፣ “ቀበሌ ሳይዘጋ ሂጂ” ብቻ አለቻት። ሂሳብም አልተቀበለቻትም።

ባንቺአየሁ ቀበሌ የሄደችው ልትሰናበት ነው። ቦታዬን ለሌላ ስጡልኝ የሚለውን ቃል በመንገድ ላይ ደጋግማ ተለማመደችው፤ ሳታለቅስ እንድትለው። የጫኑ መኪኖች አቧራ እያስነሱ ወደ ገንዳ ውሃ ይወጡ ነበር። የሰሊጥ ዋጋ ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ሰው ሁሉ ደህና ነው የሚስቀው። ቶቡን በብብቷ ይዛ፣ ካሁን በኋላ የሰበሰበቻቸውን ስሞች ምን እንደምታደርጋቸው ታስብ ነበር። ለእነዚያ ሴቶች ቀረሁ ብላ መንገር ከባድ ሆነባት። ማመናቸው ስህተት ቢሆንም አደራው እውነተኛ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እንግዳው ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር። አሁንም ሲያዳምጥ የሰውን ትከሻ በዓይኑ ይለካል። ቢሮው ከግማሽ በላይ በስኳር ከረጢትና በሳሙና ካርቶን ተይዟል፤ ሸማቾች ሲሰለፉ ጽሕፈት ቤቱ ሱቅ ይሆናል። ባንቺአየሁ ከበሩ ላይ እንደቆመች ንግግሯን ጀመረች።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ዋስ ስላላገኘሁ ቦታዬን…”

“ምን ዋስ?” አላት። “ዋስሽማ ጠዋት ፈርመው ሄዱ።”

ባንቺአየሁ አልገባትም። እንግዳው ከረጢቱ ላይ እንድትቀመጥ በእጁ አመለከታት፤ ወሬውን ለመንገር ቀኑን ሙሉ እንደጓጓ ከአፉ ፍጥነት ያስታውቅ ነበር። “ቢሮውን ሳልከፍት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ አማትሽን። ሐዋ ነግራኝ ነው የመጣሁት፣ ቤት አለኝ፣ አስፈርመኝ አሉኝ። እናቴ፣ ይህቺ ሴት ካልተመለሰች ቤትዎ እንደሚወሰድ፣ እርስዎም እንደሚጠየቁ ያውቃሉ ወይ አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ። እኔም ደፈር አልኩና፣ የሆድዎ ልጅ ሄዶ አልተመለሰም፤ ምራትዎ ለመመለሷ ምን ማስረጃ አለዎት አልኳቸው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሥራ ነው።”

“እሳቸውስ?”

“ጠይቀኝ አሉኝ። ምን ልጠይቅዎ ስላቸው፣ የት እንደምትሆን ጠይቀኝ አሉ። ሰኞ አልኳቸው። መለሱ። ማክሰኞ አልኩ፣ መለሱ። ረቡዕ ጠዋት ድልድይ፣ ከሰዓት የፋሲል ግንብ ዓይነት ግንብ አለ እዚያ አሉኝ። ሐሙስና ዓርብን አደባልቀውታል እንጂ እሁድ መመለስ ላይ ሲደርሱ ጠረጴዛውን መቱት። ከዚያ፣ ልጄ፣ የሚጠፋ ሰው ረቡዕ ከሰዓት የት እንደሚሆን ለአማቱ አይነግርም አሉኝ።” እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። “ምን ልበላቸው? ማህተሙን መታሁት።”

ባንቺአየሁ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ሊቀመንበሩ ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገ፤ ሰው እንዳያያት መስሏት አመሰገነችው። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ በመንግሥት ድምፅ፣ “እንግዲህ ጓድ ባንቺአየሁ፣ ይህ የወዳጅነት ጉብኝት ነው፤ ከተማው ውስጥ የሚወራው የመሳለም ነገር ከአብዮታዊ ሥነ ምግባር ውጭ ነው፤ ይህን እንድትገነዘቢ” አላት። ተገነዘብኩ አለችው። ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ “የእናቴ የክርስትና ስም ወለተ ሥላሴ ነው” አላት።

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና ከገላባት በላይ ነበረች። ወይዘሮ ውባንች በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሰሊጥ ያንገዋልላሉ፤ ሰፌዳቸው አደባባይ ስለሆነ የሐዋን ሰፌድ ነው የያዙት። ከተማዋ እንዳለች ወለሉ ላይ ናት። ባንቺአየሁ ምንም ሳትል ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ሳመች። አሮጊቷ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉት፤ እጃቸውን ራሷ ላይ ለማድረግ አሰቡና አመነቱ፤ ከዚያ አደረጉት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የመጀመሪያው ነበር።

“ተነሺ፣ ጋዋንሽ ይቆሽሻል” አሉ።

“እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?”

“አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ? ከተማውን ሁሉ ስትለምኚ ሰነበትሽ፤ እኔን አልለመንሽኝም።”

“የሚያምኑኝ አልመሰለኝም ነበር” አለች ባንቺአየሁ። “በየቀኑ የት ነሽ የት ነሽ ሲሉኝ የሚጠረጥሩኝ መስሎኝ…”

ወይዘሮ ውባንች ሰሊጡን በጣታቸው ዘገን አድርገው መልሰው አፈሰሱት። ውጭ ሾፌሮች ሞተር ያሞቃሉ፣ ሐዋ ባለ ዕዳዎቿን ትሳደባለች። “ልትሳለሚ ነው የምትሄጂው” አሉ በመጨረሻ፤ “እኛ ዘንድ ደባርቅ፣ የሚሳለም ሰው ሲወጣ ከቤተሰቡ ቂም ተያይዞ አይወጣም። ያለውን ተናግሮ፣ ይቅር ተባብሎ ነው። ስለዚህ ልናገር። ደምለው የሄደ ጊዜ በልቤ አንቺን ነው የከሰስኩሽ። ሚስት ብትሆነው፣ ብትይዘው ኖሮ አልኩ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እንጀራሽን እየበላሁ ከሰስኩሽ። ይቅር በዪኝ።”

ባንቺአየሁ የብረት ሰዓት ነው፣ የመንግሥት ጉብኝት ነው ማለት ትችል ነበር። አላለችም። መተማ ተሳሳተችም አልተሳሳተችም፣ ይህን ቃል ከአሮጊቷ አፍ ያወጣው መሳለሙ ነው፤ በልቧ ያንን ሰዓት የሠራውን ሰው ማንም ይሁን ማን አመሰገነችው። “እኔም ከስሼዎት ነበር” አለች። “ያውቁ ነበር፣ እያወቁ ደብቀውኝ ነው ብዬ። ይቅር ይበሉኝ።”

“አላውቅም ነበር ልጄ። ምኑንም አልነገረኝ” አሉ። “ሰው ሲሄድ የት እንዳለ አለማወቅ ነው የሚገድለው። ገዳሪፍ ነው ሲሉኝ ገዳሪፍን አላውቀው፤ ሲመሽ የት ብዬ ላስበው? አንቺ ግን ይሄው፣ ጠየቅሁሽ ነገርሽኝ። ተቆጥተሽም ቢሆን ነገርሽኝ። ረቡዕ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን ድልድዩ ላይ አይሻለሁ። ይሄ ለእኔ ምን ያህል እንደሆነ አታውቂም።”

ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ ማልቀሳቸው አሳፈራቸውና ሁለቱም ሥራ ፈለጉ። ወይዘሮ ውባንች ከሣጥናቸው ከደባርቅ ያመጡትን ወፍራም ጋቢ አወጡ፤ ብርድን እሳቸው ያውቃሉ፣ የሐዋን ቶብ አይተው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ባንቺአየሁ ሻንጣዋን ስታስተካክል አሮጊቷ ወለሉ ላይ ጎንበስ ብለው ፕሮግራሙን ከእሷ ጋር እንደ አዲስ አስተካከሉት፤ ሐሙስን ከዓርብ ለዩ፣ የጀልባዋን ቦታ ከድልድዩ በታች አደረጉ። ያልተወሰነው ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነበር። ባንቺአየሁ የማዋለጃ ሆስፒታል ለማየት ብታስብም አሮጊቷ የሰዓት ግንብ የሆነችውን ኩራዝ ሲወለውሉ አየቻቸውና፣ “ዓርብ ከሰዓት ወደ ሰዓቱ እመለሳለሁ እማማ፤ ሐዋርያቱን ለእርስዎ ብዬ ደግሜ አያለሁ” አለቻቸው። ፊታቸው በራ።

ከዚያ ባንቺአየሁ ወደ በሩ ስትዞር ጠዋት ልትመታት የነበረችውን ጣሳ አየች።

“እማማ፣ ይቺስ ምንድን ናት? ከከተማው ራቀች።”

“እሷ እኔ ነኝ” አሉ ወይዘሮ ውባንች። “እዚህ በር ላይ። እሁድ ስትነሺ ወዴት እንደምትመጪ እንዲታይ ነው።”

ራት የሚሠራበት ጊዜ ደርሶ ስለነበር ባንቺአየሁ ድስቱን ከወንዙ ማዶ ለማንሳት እጇን ዘረጋች፤ አሮጊቷ ክንዷን ያዟት።

“ተዪው፣ እዚያው ይሁን። እስክትመለሺ አንድም ዕቃ አላነሳም። ድስት ሐዋ ትሰጠኛለች።”